ምድር ለሁለት የከፈለችው ግንብ

(ከዚህ በታች የምናቀርበው የታሪክ ወዳጆች በወር አንድ ጊዜ በሚገናኙበት የውይይት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዝግጅት ክፍሉ)



 የተጠራሁት ስለ ግንብ እንድናገር ነው። ግንብ ሲባል ደግሞ የእኛ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ጎንደር ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ማማም ጣሪያም ስለሌለው፣ ከሩቅ ላየው ሰው ከድንጋይ ክምር ስለማይለይ አንድ ፍርስራሽ ነው። ሥራው ተጀምሮ እስኪፈርስ አሥራ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ይሁንና ስለ መካከለኛው ዘመን አንድ ነገር እንድንረዳ ከተፈለገ፣ ተውበው ከቆሙት ብዙ ግንቦች ይልቅ ይህ ሳያልቅ የቀረው ይበልጥ ይናገራል። ያለቀ ቤት የሚያሳየው ባለቤቱን ነው። ሳያልቅ የቀረ ቤት ግን ሠራተኛውን፣ ዶማውን፣ ኖራውን፣ ችኮላውን ሁሉ እንዳለ ያሳያል።

ታዲያ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ ቤታችን መመለሴ አይቀርም።

የመቶ ሺህ ዲናር እምቢታ

ቦታው በሰሜን እስራኤል፣ ከገሊላ ባሕር ወደ ላይ፣ በዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ወንዙ እዚያ ላይ በእግር ይሻገሩታል። ከጥንት ጀምሮ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ተሳላሚውም ወደ ደማስቆ የሚያልፈው በዚያው ነበር። ዛሬ አጠገቡ ያለው ድልድይ "የያዕቆብ ሴት ልጆች ድልድይ" ይባላል፤ መሻገሪያውን ደግሞ የመስቀል ጦረኞቹ በላቲን "ቫዱም ያኮብ" ይሉት ነበር፣ የያዕቆብ መሻገሪያ ማለታቸው ነው። ሙስሊሞችም ቦታውን ከአባታችን ከያዕቆብ ጋር አያይዘው ያከብሩት ነበር።

ዘመኑ በእኛ አገር የዛጉዌ ነገሥታት የሚገዙበት ዘመን ነው። ኢየሩሳሌም በመስቀል ጦረኞች እጅ ከገባች 79 ዓመት ሆኗታል። ንጉሡ ባልድዊን አራተኛ ይባላል፤ በ1174 ሲነግሥ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ላይ ለምጽ ይዞታል። ይህ የታመመ ልጅ በኅዳር 1177 ሞንትጊሳር ላይ ታላቁን ሳላሃዲንን ድል ነሣ። ድል ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ያስቸኩላል። በጥቅምት 1178 ንጉሡ ራሱ ሠራተኛ አሰልፎ፣ ወታደር አስጠብቆ፣ በመሻገሪያው ላይ ግንብ ማስገንባት ጀመረ። ከደማስቆ የአንድ ቀን ግስጋሴ በሚሆን ቦታ፣ በጠላት ደጃፍ ማለት ነው።

ሳላሃዲን በወቅቱ በሌላ ግንባር ተወጥሮ ነበር። ስለዚህ ጦር ከመላኩ በፊት ገንዘብ ላከ። "ሥራውን አቁም፣ 60,000 ዲናር ልስጥህ" አለ። ባልድዊን እምቢ አለ። ወደ 100,000 አሳደገው። አሁንም እምቢ። የሳላሃዲን የቅርብ ሰው የነበረው ቃዲ አልፋዲል በጻፈው ደብዳቤ፣ ግንቡ ላይ የዋለው ጥርብ ድንጋይ ከ20,000 እንደሚበልጥና እያንዳንዱ ድንጋይ ተገንብቶ እስኪቆም ከ4 ዲናር እንዳላነሰ ይገልጻል። የጠላት ግምት መሆኑን አትርሱ፤ ግን እስቲ አስሉት። 20,000 በ4 ሲባዛ 80,000 ነው። ሳላሃዲን የድንጋዩን ሙሉ ወጪ ከነትርፉ ሊከፍል ቀርቦ ነበር ማለት ነው! ሰውዬው ሞኝ አልነበረም። ግንቡ ካለቀ ደማስቆ እንደማትተኛ ያውቃል። ንጉሡም ያውቃል፤ እምቢ ያለው ለዚያ ነው። የማይታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማን ይቀድማል?

በሚያዝያ 1179 ገደማ የተወሰነው ክፍል ቆመ ተብሎ ግንቡ ለቴምፕላር ፈረሰኞች ተሰጠ። ርዝመቱ 150 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያው ሊሠራ የታሰበው ሁለተኛ ግንብ ግን ገና አልተሠራም። በሰኔ ወር መርጅ አዩን ላይ በተደረገው ውጊያ ሳላሃዲን አሸነፈ፤ የቴምፕላሮቹ አለቃ ተማረከ። ነሐሴ 24 ቀን ሳላሃዲን በያዕቆብ መሻገሪያ ከተፍ አለ።

የእሱ ቆፋሪዎች በግንቡ ሥር ዋሻ ማሰዱ። ዋሻውን በእንጨት ደግፈው እሳት ለቀቁበት፤ እንጨቱ ሲቃጠል ግንቡ ይናዳል ተብሎ ነው። አልተናደም። ዋሻው አጥሮ ነበር። የአረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሳላሃዲን እሳቱን ለማጥፋት አንድ አቁማዳ ውኃ ላመጣ ሰው ሁሉ አንድ ዲናር እከፍላለሁ ብሎ አወጀ። እሳቱ ጠፋ፣ ዋሻው ረዘመ፣ እንደገና ተለኮሰ። በስድስተኛው ቀን ገደማ ግንቡ ወደቀ። ባልድዊን ጥብርያዶስ ላይ የነፍስ አድን ጦር ሲያሰባስብ ነበር፤ ሲነሣ ግን ከፊት ለፊቱ ያገኘው ጭስ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ስምንት መቶ ያህል ሰው ተገደለ፣ ሰባት መቶ ያህሉ ተማረከ። ግንቡ ውስጥ ታስረው የነበሩ ሙስሊሞች ተፈቱ። ሬሳው በውኃ ጉድጓድ ተጣለ። ሳላሃዲንም ግንቡን ለማፍረስ እዚያው ሲቆይ በሽታ ገብቶ ከገዛ አዛዦቹ ብዙዎቹን ጨረሰበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥቅምት የተጀመረው በነሐሴ አለቀ።

አፈሩ ሲገለጥ

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ የተጻፈ ነው። የተጻፈውም በሹማምንት ስለ ሹማምንት ነው። በ1993 ግን ከኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ሮኒ ኤለንብሉም የሚመራ ቡድን ቦታውን መቆፈር ጀመረ። እኔም በዚያው በ1990ዎቹ፣ ሥራው በሚካሄድበት ወቅት፣ የማየት ዕድል ገጠመኝ።

ያደረሰኝ ጽፋት ከተማ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የሄደ፣ ጎንደር አካባቢ የተወለደ፣ ቀን የግንባታ ሥራ የሚሠራ፣ ማታ ታክሲ የሚነዳ ታታሪ ሰው። ከተራራው ወርደን ወንዙ አጠገብ ስንደርስ ዞር ብሎ አየና፣

"ጋሼ፣ ይህን ሊያዩ ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡት?" አለኝ።

"ይህንኑ ነው" አልኩት።

"እንግዲያ የፋሲልን ግንብ ሳያዩት ቀርተው ነው" ብሎ ሳቀ።

የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሀብት ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። ሲባጎ ተወጥሮ መሬቱ በካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። በየካሬው ተማሪዎች ተንበርክከው በብሩሽና በትንንሽ መሣሪያ አፈሩን ይፍቃሉ። የወጣው አፈር በባልዲ ይሄዳል፣ በወንፊት ይነፋል፣ የተገኘው ሁሉ ይመዘገባል። አንድ ሚስማር ብትገኝ ከየትኛው ካሬ፣ በስንት ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘች ካልተጻፈ ሚስማሯ ዋጋ የላትም። ድምፅ የለም፣ ግርግር የለም። በአንድ ቀን የሚሄዱት ጥልቀት የእኛ የቀን ሠራተኛ በአንድ የአካፋ ምት ከሚያነሣው ያንሳል ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ትዕግሥት የተገኘው ግን ተአምር ነው። የመጨረሻዋ ዕለት እንዳለች ተቀብራ ተገኘች። የግንበኞቹ የሥራ መሣሪያዎች በየወደቁበት አሉ። ግንቡን ለማያያዝ የተቦካው ኖራ ተከምሮ እንደቀረ አለ። የቀስት ጫፎች በብዛት አሉ። ድንጋይና ኖራ ሲያመላልሱ የኖሩት የጭነት እንስሳት አጥንትም አለ፤ እነሱም አልተረፉም። የተቃጠለው ንብርብር በአፈሩ መሐል ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል።

የሰው አጽምም ወጣ። በ2006 ታትሞ በወጣ ጥናት የአምስት ሰዎች አጽም ተመርምሯል። የሰይፍና የቀስት ቁስል አለባቸው፤ ብረቱ አጥንታቸው ላይ ታሪኩን ጽፏል። የንጉሡን ስም እናውቃለን፣ የሳላሃዲንን ስም እናውቃለን፣ የቴምፕላሮቹን አለቃ ስም እናውቃለን። የእነዚህን የአምስቱን ስም የጻፈ የለም። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ እንዴት እንደሞቱ የሚመሰክርላቸው በብሩሽ የሚፍቅ ተማሪ ባይመጣ ኖሮ፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ቁጥር ሆነው በቀሩ ነበር።

ወገኖቼ፣ እኔ የቁፋሮን ጥቅም የተረዳሁት እዚያ ላይ ነው። ዜና መዋዕል የሚጽፈው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው። አፈር ግን ደመወዝ አይበላም፣ የሰጡትን እንዳለ ያስቀምጣል። የእኛም አገር አፈር ገና ብዙ የሚናገረው አለው፤ ቀስ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ከተገኘ።

"ግንበኛው ቱምቢ አልነበረውም?"

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወዳጄ ሾፌሩ ድንጋዩን እያየ ሲዘዋወር ቆይቶ ድንገት ከግንቡ አንድ ጫፍ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ግንበኛ መስመር ሲያይ እንደሚያደርገው። ከዚያም ጠራኝ።

"ጋሼ፣ ይህን የገነባው ሰውዬ ቱምቢ አልነበረውም እንዴ? ግድግዳው እኮ ጠማማ ነው።"

እውነትም ቀጥ ብሎ የመጣው ግድግዳ መሐል ላይ ይሰበርና ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቀጥላል። ሾፌሬ ትክክል አይቷል፤ ጥፋቱ ግን የግንበኛው አልነበረም። ግንበኛው በ1178 ቀጥ አድርጎ ነው የሠራው። የተንቀሳቀሰው መሬቱ ነው።

ግንቡ የቆመው በትልቁ የሙት ባሕር ስንጥቅ ላይ ነው። ይህ ስንጥቅ ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፣ በሙት ባሕርና በዮርዳኖስ ሸለቆ አልፎ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ከስንጥቁ በስተምሥራቅ ያለው ምድር ከምዕራቡ አንጻር ወደ ሰሜን ይንሸራተታል፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ጥፍራችን የሚያድገው ከዚያ በፍጥነት ነው። ችግሩ ዓለቱ እንደ ጥፍር በየቀኑ ቀስ እያለ አለመሄዱ ነው። ተያይዞ ይቆያል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ያኔ ነው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚባለው።

ኤለንብሉም ከሥነ ምድር ሊቃውንቱ ከሽሙኤል ማርኮና ከአሞጽ አግኖን ጋር ሆነው ጉዳዩን መረመሩት። ውጤቱን በ1998 አሳተሙ። ግንቡ የተንሸራተተው በጠቅላላው 2.1 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 1.6 ሜትር የሚሆነው በግንቦት 20 ቀን 1202 ንጋት ላይ በአንድ ጊዜ የሆነ ነው። ቀሪው ግማሽ ሜትር ደግሞ በ1759 ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንዴት ለዩት? ከግንቡ በኋላ፣ በኦቶማኖች ዘመን፣ እዚያው ፍርስራሽ ላይ ሙስሊሞች የሰገዱበት መስጊድ ተሠርቶ ነበር። የመስጊዱ ግድግዳም ተንሸራቷል፤ ግን ግማሽ ሜትር ብቻ። እንግዲህ የመጀመሪያው መንሸራተት ከመስጊዱ በፊት፣ ሁለተኛው ከመስጊዱ በኋላ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ቀጥ ብሎ የተሠራበት ዓመት የታወቀ፣ የፈረሰበት ቀን የታወቀ፣ በስንጥቁ ላይ የተጋደመ አንድ መለኪያ!

አስተውሉ፣ ግንቡን መሬት አላፈረሰችውም። በ1202 ግንቡ ከፈረሰ 23 ዓመት ሆኖታል። ባልድዊን ሞቷል፣ ሳላሃዲንም በ1187 ኢየሩሳሌምን ይዞ ሞቷል። ሁለቱ ስለዚያ መሻገሪያ 100,000 ዲናር ሲከራከሩ፣ ከእግራቸው በታች ያለው ባለቤት የራሱን ሒሳብ ሲሠራ ኖሯል። ስለ ፈረሰኛ ጠይቀዋል፣ ስለ ድንጋይ ጠይቀዋል፣ ስለ መሬቱ የጠየቀ አልነበረም። በእነሱ ዘመን ደግሞ መልስ የሚሰጥ እውቀት ስላልነበረ አይወቀሱም።

እኛስ?

እኛ ግን እውቀቱ አለን። ወደ ቤታችን እመለሳለሁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ያ የዮርዳኖስ ስንጥቅ በአቃባ በኩል ከቀይ ባሕር ስንጥቅ ጋር ይገናኛል። የቀይ ባሕሩ ስንጥቅ አፋር ላይ ከእኛ ስምጥ ሸለቆ ጋር ይጋጠማል። የእነሱ ምድር ጎን ለጎን ይንሸራተታል፣ የእኛው ይለጠጣል፤ ልዩነቱ ይህ ነው እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በዚሁ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው።

ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በነሐሴ 1906፣ በምኒልክ ዘመን፣ ከላንጋኖ አካባቢ የተነሣ ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል። በ1961 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፣ ወደ ሰሜን የሚወስደውን ዋና መንገድ ሰነጣጥቋል። የዩኒቨርሲቲያችንን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን የአገራችንንና የአካባቢያችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከደብዳቤም፣ ከዜና መዋዕልም፣ ከመሣሪያም ለቅመው በ1979 በመጽሐፍ አውጥተውልናል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተደጋግሞ የተነሣው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቀለ። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ሌሊት በነጠላ ጫማ ልጁን ታቅፎ መንገድ ላይ የወጣበትን ጊዜ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ደንብም አላጣንም። በ1995 የወጣው የአገራችን የሕንፃ ደንብ ስምንተኛው ክፍል ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብቻ የተጻፈ ነው፤ በኋላም ተሻሽሏል። ታዲያ ጥያቄው ቀላል ነው። ደንቡ የሚኖረው በመደርደሪያ ላይ ነው ወይስ በፌሮው ውስጥ? አንድ ፎቅ ሲመረቅ ስንት ወለል እንዳለው፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ በስንት ወር እንዳለቀ ይነገረናል። የአፈር ምርመራውን ማን እንደሠራው፣ ምሰሶውን ማን እንደተቆጣጠረው ሲነገር የሰማ አለ? በአጭር ጊዜ አለቀ ማለት እንደ ሙገሳ ይቆጠራል። በያዕቆብ መሻገሪያም በአጭር ጊዜ ነበር የቆመው።

ሕንፃ አይሠራ የሚል ሰው አልወጣኝም። ባለቤት ይሥራ፣ መንግሥትም ይሥራ፣ ከተማም ይደግ። ነገር ግን ሲፈርስ የሚሞተው ሪባን የቆረጠው ሹም አይደለም። ግንቡ ውስጥ አጽማቸው የተገኘው የማን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው፣ ቤት የሚከራይ ሰው፣ ልጁን ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ የምርመራውን ወረቀት አሳዩኝ የማለት መብት አለው። "አንተ ምን አገባህ" ሲሉት የሚያገባው እሱ መሆኑን ይንገራቸው። የሚጠየቀውም አካል ወረቀቱ ካለው ለማሳየት አይቸገርም፤ ከሌለው ደግሞ ያን ማወቃችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ልጨምር። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ቶሎ ኖራ ቀብተን የምንሸፍን ሕዝብ ነን። ስንጥቁን ከመሸፈን በፊት እንለካው፣ ቀኑን እንጻፍበት፣ ፎቶ እናንሣው። መሬት ሲሰነጠቅ ያዩ የአዋሽና የፈንታሌ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች የሚሉትን እንመዝግብ። የያዕቆብ መሻገሪያ ጠማማ ግድግዳ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንትን ያስተማረው አንድ ሰው ደግ ሆኖ ስላቃናው አይደለም፤ ማንም ስላልነካው ነው።

ሾፌሬ ስንመለስ መንገድ ላይ ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ባልድዊንም ስለ ሳላሃዲንም አልነበረም። "እኛ የምንሠራው ፎቅ፣ ጽፋት ላይ ያለው፣ ያው ስንጥቅ ቅርብ አይደል? አለቃዬን ነገ እጠይቀዋለሁ" አለ። ያ የቀን ሠራተኛ የጠየቀውን አዲስ አበባ ላይ የምንጠይቅ ስንት ነን?

 ጥያቄ ካለ መድረኩ ክፍት ነው።